ሲቲ ስካኑ ምስል መላክ እምቢ አለ፤ ታማሚው ሪፈር ተጽፎለታል። የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?

የማታ ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ወጣት ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን አንሥተነዋል፤ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለታል። ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ ጀምሮ ማሽኑ ምስሉን ወደ ሰርቨሩ (ምስሎች ወደሚከማቹበት ኮምፒውተር) መላክ እምቢ ብሏል፤ «አልተሳካም» ብቻ ነው የሚለው። ሐኪማችን ከስክሪኑ ላይ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ 11 ምስል በቴሌግራም ላኩ፤ የሚቀበሉት ሐኪም «ይህን አላነብም» አሉ። ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር ምስል የምንለዋወጥበትን ሶፍትዌርም ምረጡ ተብለናል። የትኛው ይሻላል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ አምቡላንሱ ነዳጅ እየቀዳ ነው።

ገመድ ፈታሽ፦
የምን ማሽን? የምን ሰርቨር? «እምቢ አለ» በሚል ብቻ ምን ይታወቃል?

አብራው፦
ሰርቨሩን አጥፍተው ያብሩት።

የድሮ ራዲዮግራፈር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። እኛ በጨለማ ክፍል ፊልም አጥበን፣ አስጥተን ያደግን ነን። ዳይኮም የሚባለው የሕክምና ምስል ደንብ በዚህ ስሙ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ የሲቲ ቁራጭ 512 በ512 ነጥብ ሲሆን ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ 600 ቁራጭ ያለው ምርመራ 300 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በውስጡ 4,096 ያህል የግራጫ ደረጃ ስላለ ሐኪሙ አንዴ ለአጥንት፣ አንዴ ለአንጎል እያለ መስኮቱን፣ ማለትም የሚታየውን የግራጫ ክልል፣ እየቀያየረ ያየዋል። ከስክሪን ላይ የተነሣ ፎቶ ግን በአንዱ መስኮት ደርቆ የቀረ ነው፤ በዚያ ላይ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የኮርኒሱ አምፖልም ያንጸባርቅበታል። ከራስ ቅሉ ሥር ያለ ስስ ደም ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሙ አላነብም ያሉት ኰርተው አይደለም።

ጨዋታ አዋቂ፦
ምን ሶፍትዌር ያስፈልጋል? አምቡላንሱ ራሱ ከኢንተርኔታችሁ ይፈጥናል። ሲዲ ላይ ገልብጡና ለአስታማሚው ስጡ። ከስንቁ ጋር በአንድ ፌስታል እንዳይይዘው ብቻ ንገሩት።

የማታ ተረኛ፦
ቀልዱ ይቅርና ሲዲው ያስኬዳል፤ ምስሉ በማሽኑ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ግን የሲዲው መሳቢያ አልከፈት አለ!

አብራው፦
አጥፍተው ያብሩት።

ገመድ ፈታሽ፦
ኧረ የሲቲውን ኮምፒውተር አሁን እንዳታጠፉት! በመሳቢያው ፊት መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጉና አስገቡ። መጀመሪያ ግን ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ውስጡ የሚሽከረከር ሲዲ አለመኖሩን አረጋግጡ። ገፋ ስታደርጉት መሳቢያው የጥፍር ያህል ይወጣል፤ ቀሪውን በጣት መሳብ ነው። ስትገለብጡ የምስል ማያውን ፕሮግራም አብራችሁ ጨምሩ፤ አምቡላንሱ ሳይነሣ ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩት።

ሰርቨሩን በተመለከተ የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር፣ ተመልከቱ። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ይሆናል፤ ማሽኑ የድሮውን በር እያንኳኳ ነው። አድራሻውን ቋሚ አድርጉት። ፖርቱን (ምስሉ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበትን የበር ቁጥር) እና የሰርቨሩን መጠሪያም አመሳክሩ። ፖርቱ ብዙ ጊዜ 104 ነው፤ ሰርቨሩ የሚሠራው ኦርታንክ በሚባለው የምስል ማከማቻ ሶፍትዌር ከሆነ ካልተቀየረ በቀር 4242። በመጠሪያው ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ለየብቻ ነው የሚቆጠረው።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። የፈለጋችሁትን ሶፍትዌር ብትገዙ መብራት ሲሄድ ያው ናችሁ። ኦርታንክ ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ለፈቃድ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። ገንዘባችሁን ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚያቆየው) እና ሌላ ሕንጻ ውስጥ ለሚቀመጥ ሁለተኛ ቅጂ አውሉት። ለመላኩ ቢሆን በሰከንድ 2 ሜጋቢት (ሩብ ሜጋባይት) የሚልክ መስመር ካላችሁ 300 ሜጋባይት በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ ጥራቱን በማይነካ መንገድ ከተጨመቀ በግማሹም ሊያልቅ ይችላል። ብቻ በሁለቱ ሆስፒታሎች መካከል ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር፣ ይኑር፤ ሰርቨሩን ለኢንተርኔት ወለል አድርጋችሁ እንዳትከፍቱት።

ደግሞስ በ11ዱ ፎቶዎች ጥግ ላይ የልጁ ስም አለ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። አጥፏቸው።

የድሮ ራዲዮግራፈር፦
ነጻ ነው አልክ፤ ማን ይጠግነዋል? የሚያውቀው ልጅ ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይለቃል። እኔ ይህን አይቻለሁ። ውል ያለው፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ ሻጭ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ውል ያለውም አያነሣም። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ካዝና ውስጥ መቆለፍ ነው።

አብራው፦
ራውተሩንም አጥፍተው ቢያበሩት።

ገመድ ፈታሽ፦
አብራው፣ እባክህ! እንደገና ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ነው።

ገመድ ፈታሽ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
የማታ ተረኛ፣ አድራሻው ነበር? ልጁስ እንዴት ሆነ?

አዲስ አባል፦
የወረቀት ማያያዣው ሠርቶልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔው ግን የሠርግ ዘፈን ሲዲ ነበር።