«ፈዋሽ ነኝ ባይ» ስድብ ነው ወይስ መግለጫ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ አንድ ግለሰብ በመንፈስ ስጦታ ሕሙማንን እንደሚፈውሱ ገልጸው፣ ለሚያካሂዱት የጸሎት መርሐ ግብር የዕድሩን ድንኳንና ወንበር በኪራይ ጠየቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ፈዋሽ ነኝ ባይ ግለሰብ ያቀረቡት ጥያቄ» ብዬ ስጽፍ አንድ አባት «ሰውየውን ገና ሳንሰማቸው ፈረድህባቸው» ሲሉ ተቃወሙኝ። ሌላው አባል ደግሞ «እሳቸው ነኝ አሉ፣ እሱም ነኝ ባይ ብሎ ጻፈ፤ ስድቡ ምኑ ላይ ነው?» ብለው ተከራከሩልኝ። የማናቸው አስተያየት ይጠነክራል?

መልስ፦ ተቃውሞ ያቀረቡት አባት ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በ«ባይ» ላይ ብቻ መጣል አይገባም። «ባይ» «አለ» ከሚለው ግስ የሚወጣ ስም ሲሆን፣ «ይግባኝ ባይ» በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ በየቀኑ ሲጻፍ የሚቀየም ሰው የለም፤ «አለሁ ባይ ዘመድ» ሲባልማ ምስጋና ነው። ቃሉ የሚመርዘው ከፊቱ «ነኝ» ሲገባ ነው፤ «አዋቂ ነኝ ባይ»፣ «ጀግና ነኝ ባይ»፣ «ምሁር ነኝ ባይ» ስንል የምንነግረው ሰውየው ያለውን ብቻ ሳይሆን እኛ አለማመናችንንም ጭምር ነው። የሚገርመው ከዚያው ግስ የወጣው «ነኝ ያለ» ተቃራኒውን መናገሩ ነው። «ነኝ ያለ ሐኪም ያቃተው በሽታ» ስንል የምናነሣው አንቱ የተባለውን ሐኪም ሲሆን፣ «ሐኪም ነኝ ባይ» ስንል ግን ነጭ ካፖርት ተውሶ የለበሰ ሰው ይታየናል። ታዲያ «ነኝ ያለ ፈዋሽ» የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ለእኔ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ምክንያቱ ያለው ደግሞ ከሰዋስው ይልቅ ሕዝቡ ለመንፈሳዊ ስጦታ ባለው አመለካከት ውስጥ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ «ፈወሰ» እና «አከመ» የሚሉትን ግሶች ጎን ለጎን እንመልከታቸው። ሐኪም ያክማል፤ «ታክሞ ሳይሻለው ቀረ» ብንል ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም፣ ሐኪሙም ዋሾ አይባልም፤ ግሱ የሚናገረው ስለ ጥረቱ ነውና። «ተፈውሶ ሳይሻለው ቀረ» ግን አይባልም፤ ውጤቱ በግሱ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል። በግእዝ «ፈውስ» ሰፋ ያለ ቃል ነበር፤ መጽሐፈ ፈውስ የሚባሉት የብራና ጽሑፎች የዕፀዋት መድኃኒት አቀማመም ሳይቀር ይዘዋል። በዛሬው አማርኛ ግን ቃሉ ወደ ጸሎት ቤትና ወደ ጠበል ቦታ አዘንብሏል፤ ስለዚህ «እፈውሳለሁ» ያለ ሰው ሙከራውን ትቶ ውጤቱን ቃል ገባ ማለት ነው። ሰሚውም በዚያው ልክ ይጠነቀቃል።

ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ ክህደት አይደለም። በቡና ላይ አንዲት ወጣት፣ እጃቸውን ጭነው ሽባ ያስነሡ ሰው ከተማ ገብተዋል ብላ እግራቸው ያበጠባቸውን ጎረቤት እንውሰዳቸው ስትል የሰማሁትን ልጥቀስ። ቶናውን የሚቀዱት እናት «እንዳፍሽ ያድርገው» አሉና ቀና ሳይሉ «ክኒኗን ግን ትውጣለች?» ብለው ጠየቁ። «እንዳፍሽ ያድርገው» ጨዋ ምርቃት ነው፤ ነገር ግን ወሬውን ከተናጋሪዋ አፍ ላይ ሳያነሣ እዚያው ይተወዋል። «አሜን»፣ «እሱ ያውቃል»፣ «ይሁና» የሚሉትም እንደ ድምፁ አወጣጥ ከእምነት እስከ ፌዝ ድረስ ይደርሳሉ፤ በተለይ «ይሁና» ተጎትቶ ሲነገር ክርክሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ፊት ለፊት የሚቃወም ሲመጣ ደግሞ «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» የሚለው ተረት ይወረወራል፤ በሉቃስ ወንጌል 4፥23 ላይ የተጠቀሰው «ባለ መድኃኒት ሆይ፥ ራስህን ፈውስ» የሚለው ምሳሌም የዚሁ ዘመድ ነው።

ጥልቁ ምክንያት ግን ስጦታው ያለው ሰው ራሱ አያውጅም የሚለው የቆየ እምነት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የበቁ አባት ጸጋቸውን ይሰውራሉ ይባላል፤ ስለ እነርሱ የሚመሰክረው የዳነው ሰው ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ እስልምና ሥር በሰደደባት ጅማም ወሊ (በሙስሊሞች ዘንድ እንደ ቅዱስ የሚከበር ሰው) ከራማውን አደባባይ አያወጣም ሲባል እንሰማለን። በወንጌላውያን ዘንድ የፈውስ ስጦታ በጉባኤ ፊት መገለጹ ነውር አይደለም፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥9 ይጠቀስበታል። የዕድራችሁ አለመግባባትም በከፊል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ መታወጁ የስጦታው አካል ሲሆን ለሌላው መታወጁ ራሱ የጥርጣሬ ምልክት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ «ነኝ ባይ» ሳይሆን «ላመነ ነው» የሚለው ነው። በመልካም ጊዜ ትሕትና ይመስላል፤ ሕመሙ ሲብስ ግን ዕዳውን ከፈዋሹ ትከሻ አውርዶ በታማሚው ላይ ይጭነዋል፤ «እምነት ስላነሰው ነው» ይባልና ሁለት ጊዜ ይታመማል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ፣ ክኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው የሚለውን ይህንኑ አስተሳሰብ መስበራቸው ነበር።

ለቃለ ጉባኤዎ «የፈውስ ስጦታ እንዳላቸው የገለጹ ግለሰብ» ብለው ይጻፉ። ማመንዎንም አለማመንዎንም አይናገርም።

ሌላ መልስ፦ በቀረበው ሐሳብ እስማማለሁ፤ እዚሁ ጅማ ስለምኖር ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወጌሻን «ወጌሻ ነኝ ባይ» ሲል የሚውል ሰው እምብዛም አልገጠመኝም፤ የተሰበረው እጅ መግጠሙና አለመግጠሙ ለሁሉም ስለሚታይ ወጌሻው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ቃሉም ባለሙያ ማለት ከሆነው ከአፋን ኦሮሞው «ኦጌሳ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል። ሁለተኛ፣ በስብሰባው ላይ ሰውየውን «ቃልቻ» ያለ አባል ካለ ቃሉ እንዳለ ወደ መዝገቡ ባይገባ ይሻላል። በአማርኛ ከጠንቋይ ጋር ተደባልቆ መናቂያ ሆኗል፤ በኦሮሞ ባህል ግን ከቃልቻ ጋር የሚዛመደው «ቃሉ» (Qaalluu) ክብር ያለው የሃይማኖት ማዕረግ ስለሆነ፣ ቃለ ጉባኤው በንባብ ሲጸድቅ ቅር የሚላቸው የድንኳኑ ጠያቂ ብቻ አይሆኑም።