ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ መዋጥ ለተቸገሩት እናቴ ምክር እጠይቃለሁ

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ደህና ከርመው ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እንጀራው ደረታቸው ላይ እየተያዘ፣ የሚወርድላቸው አጥሚትና ቀጠን ያለ ሾርባ ብቻ ሆኗል፤ ሌሊትም ትራስ ደራርበው ካልተኙ ያስላቸዋል።

በሽታው የሚያገረሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ እንደሆነና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚደርሰው ሞት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው እንደሆነ ሐኪማቸው አስረድተውናል፤ ሆኖም ጨጓራውና ቧንቧው የተጋጠሙበት ስፌት በጠባሳ ሲጠብም ተመሳሳይ ምልክት እንደሚያሳይና በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሊሰፋ እንደሚችል ነግረውናል። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ሳሉ ነው፤ ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ የሚያመጣው የሳንባ ምች፣ ካንሰሩ ባይመለስ እንኳ ለሕይወት አስጊ ነውና።

ኢንዶስኮፒ ታዞላቸዋል። ከጠበበው ቦታ የሚወሰደው ናሙና ነጻ ቢሆንም፣ ካንሰሩ በንፍፊት፣ በጉበት ወይም በሳንባ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ሲቲ ስካን አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይገባናል? ቧንቧው የሰፋላቸው ታማሚዎችስ መልሶ ሲጠብባቸው በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ደገሙት? ያለፋችሁበት ቤተሰቦችና የሙያው ባለቤቶች፣ እባካችሁ መልሱልኝ።