«ሳይታመሙ መመርመር ሕመምን መጥራት ነው» በተባለው ላይ

ወለተ ማርያም (ደብረ ብርሃን)፦
ባለፈው የማርያም ጽዋችን ላይ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አባት «ሳይታመሙ መመርመር ሕመምን መጥራት ነው፤ የሚያምን ሰው አይፈራም» ብለው አስተማሩ። ይህን ያሉት እኔ ለምርመራ አዲስ አበባ ልሄድ መሆኑን ስለሰሙ ነው። እናቴን በ43 ዓመቷ ይዟት፣ ታላቅ እኅቷንም ከእርሷ ቀደም ብሎ የጡት ካንሰር ወስዶብናል። ሐኪሙ እናት ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ተቀንሶ ክትትል መጀመር እንዳለበት ነግሮኛል፤ እኔም ጥር ላይ 33 ሞላኝ። በጽዋ ቤት ለአባት መልስ መስጠት ነውር መስሎኝ ዝም ብል፣ ዝምታዬ ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። እናቴ በመጀመሪያ ያገኘችው እብጠት የባቄላ ፍሬ የምታህል ነበረች፤ ለሰው እስክትናገር ድረስም ሁለት ዐቢይ ጾም አልፏል። እርሷ በሽታውን መቼ ጠራችው?

መንዜው (መሐል ሜዳ)፦
እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ነገር ግን ከአባታችን ትምህርት አንዲት ቃል መዝዘሽ በአደባባይ ማውጣትሽ አላስደሰተኝም። እርሳቸው «መጥራት» ያሉት ፍርሃትን መጥራት ማለታቸው እንደሆነ እረዳለሁ። የእኔ ታናሽ እኅት ሐኪም «ተጋላጭ ነሽ» ካላት ቀን ጀምሮ እህል ከአፏ አልገባ ብሎ፣ ጧትና ማታ ደረቷን ስትዳስስ ቆዳዋ እስኪቀላ ድረስ ደርሳ ነበር። መልሶ ያቆማት እናታችን ከቤቷ ገብታ በአንድ ጋቢ አብራት ማደሯና ጻድቃኔ ማርያም ይዛት ወርዳ ሱባዔ መግባታቸው ነው። ይህን ዐይቼ ስለ እምነት የሚናገርን አባት ልወቅስ አልችልም።

ሲስተር (ደብረ ሲና)፦
ጋሼ፣ እናትዎ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ለታካሚዎቼ ከምመኝላቸው ሁሉ የሚበልጠው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን «ሳይታመሙ» የሚለው ቃል ነው። በቋንቋችን ሕመም ማለት በሽታውም ነው፣ ሥቃዩም ነው። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ «እስኪያመኝ ልጠብቅ» የምትል ሴት በሽታው ሥር እስኪሰድ ድረስ ትጠብቃለች። በጤና ጣቢያችን ነጠላዋን ገልጣ ቁስሉን ካሳየችኝ በኋላ «እስከ አሁን ስላላመመኝ ነው» ያለችኝ ሴት አንድ ብቻ አይደለችም። ለሚፈሩትም ይህን ልናገር፤ በጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፣ ይህም የሚታወቀው ታይተው ነው።

የአንኮበር ልጅ፦
እኔ ደግሞ ወንዶቹን ልጠይቅ። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አያታችን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ሳንሳሳት እንናገራለን። በምን እንደሞተች ስንጠየቅ ግን «በደረቷ ታማ» ብለን እናልፋለን፤ ጡት ለማለት እንኳ እናፍራለን። ከጡት ካንሰር በዘር የሚተላለፈው ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ነው፤ ብዙው ከዘር አይደለም። ጉድለት ሲኖርባቸው ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡት፣ ቢአርሲኤ አንድ እና ቢአርሲኤ ሁለት የተባሉት ዘረ መሎች በ1994 እና በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተለይተው ከታወቁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፤ ጉድለቱን የተሸከመ ወላጅ እናትም ይሁን አባት ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው። የአባቷ እናትና የአባቷ እኅት በዚህ በሽታ ያለፉባት ልጅ «በእናቴ ወገን የለም» ብላ ልትጽናና አትችልም።

መንዜው፦
ወንድሜ፣ ይህን በአደባባይ ስትናገር የሚከተለውን አስበሃል? ነገ «የእነ እገሌ ዘር ነቀርሳ አለበት» ቢባል እነዚያን ልጃገረዶች ማን ያገባቸዋል? ቤተሰብ ማለት ገመናን መሸፈንም ነው።

የአንኮበር ልጅ፦
ገመና ያሉት ቃል ነው ያሳዘነኝ፣ ጋሼ። አክስቴን የሸፈንናት በዚሁ ስም ነው። ልጆቿ እናታቸው በምን እንደሞተች የሰሙት የመጀመሪያዋ ልጇ ራሷ ከታመመች በኋላ ነው። ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛ ግን እንዲያውቁ ዕድል አልሰጠናቸውም።

ዲያቆን (ሸዋ ሮቢት)፦
ወደ መነሻው ልመለስ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና እንደማይቃረኑ በይፋ ሲናገሩ፣ መድኃኒቱን ትተው ጠበል ብቻ የያዙ ብዙዎች ነበሩ። አባታችንን አከብራለሁ፤ ይህን ትምህርት ግን ከቤተ ክርስቲያን አልተማርኩትም።

መንዜው፦
ስለ መድኃኒት የተጻፈውን አልካድሁም። የታመመ ይታከም። እኔ የምጠይቀው ስላልታመመችው ነው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ እንደነበርና ወረፋው ስንቱን እንዳንገላታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመሐል ሜዳ የምትነሣ ድሀ ሴት መሳፈሪያዋን ከየት አምጥታ፣ የት አርፋ ነው «ተጋላጭ ነሽ» የሚለውን ቃል የምትሸከመው? ሸክሙን የሚጋራት ሳይዘጋጅ ማስፈራት ግፍ ነው።

ሲስተር፦
በዚህ አልከራከርዎትም፤ ልክ ነዎት። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ከሆነ ቀድሞ መሰለፍ ነው የሚያስፈልገው። ዘግይታ የምትመጣዋ ሴት ከሁሉም በላይ ብዙ መሳፈሪያና ብዙ ምልልስ የሚጠይቃት እርሷ ናት።

ወለተ ማርያም፦
ጋሼ፣ እኔም ከቤተሰቤ የምፈልገው እርስዎ ያሉትን፣ ሸክሙን የሚጋራኝን ነው። ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ አክስቴም አብራኝ ልትሄድ ተስማምታለች። ጸሎት መጽሐፌን ይዣለሁ፤ ስመለስም ወደ ጻድቃኔ እወርዳለሁ። ትናንት ማታ ግን አክስቴ ዳቦ ቆሎ እየቋጠረችልኝ፣ «ጎረቤት ከጠየቀሽ ጻድቃኔ ነው የምንሄደው በይ፣ ስምሽ እንዳይነሣ» አለችኝ። በእመቤታችን ስም የምዋሸው ከማን ለመደበቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም፤ ቋጠሮውን አጥብቃ አሰረችና ወደ ጓዳ ገባች።

መንዜው፦
አክስትሽን አትቀየሚያት፤ አብራሽ እየሄደች ነው።

ወለተ ማርያም፦
አልተቀየምኳትም። ከመንገዱ ስመለስ ግን በሚቀጥለው ጽዋ ላይ የት እንደዋልኩ በአባታችን ፊት እናገራለሁ።

መንዜው፦
ይህንንስ ብታስቢበት ይሻላል፣ ልጄ።