የፓምፑ ንዝረትና የማይረጋው የጌጅ መርፌ፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 5 ክንፍ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ አካል) ያለው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ አለን። በደቂቃ 2900 ዙር ይሽከረከራል። የውሃ ፍላጎቱ ስለቀነሰ የመግፊያውን ቫልቭ በጣም አጥብበነዋል። ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጡ ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኳኳል። የግፊት ጌጁ መርፌም አንድ ቦታ አይቆምም። ኩሽኔታ ቀየርን፣ ለውጥ የለም። ባልደረባዬ «የመሳቢያውን ቫልቭ ትንሽ ዝጋው» ይለኛል። ልስማው?

ባለ መፍቻው፦ ወንድሜ፣ እባክህ የመሳቢያውን ቫልቭ አትንካው። እሱን ስታጠብ ኢምፔለሩ አፍ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። ውሃው እዚያው ይተንና አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲደርስ በኃይል ወደ ውስጥ ይፈርሳል። ብረቱን የሚበላው ይሄ ነው።

ኩሽኔታውንም ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ፓምፑ ከርቩ (አምራቹ የሚሰጠው የፍሰትና የግፊት ግራፍ) ላይ የት እንደሚሠራ እወቅ። የመግፊያውን ቫልቭ ቀስ እያልክ ክፈትና አዳምጥ፤ የሞተሩን አምፔርም ተከታተል። ድምፁ እየቀነሰ ከሄደ ችግሩ የፍሰት ማነስ ነው፤ ውሃው ኢምፔለሩ ውስጥ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሽከረከራል። ሲከፈት ከባሰበት ግን መሳቢያው በቂ ግፊት የለውም ማለት ነው። ማጣሪያው ተደፍኖ እንደሆነ፣ የታንኩ ውሃ ወርዶ እንደሆነ እይ።

የንዝረት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ይነግርሃል። 2900 ዙር በሰከንድ 48 ገደማ ነው። ንዝረቱ 48 ሄርዝ ላይ ከጎላ ሚዛን ያጣ ኢምፔለር ጠርጥር። 97 አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ አላይመንቱን፣ ማለትም የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ በአንድ መስመር መሆናቸውን፣ እይ። 242 ላይ ከሆነ ግን የክንፎቹ ምት ነው፤ አምስቱም ክንፎች በየተራ የፓምፑን ቤት ምላስ (መውጫው አጠገብ ያለውን ጠርዝ) ሲያልፉ ግፊቱን ይመቱታል። በክንፉ ጫፍና በምላሱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ምቱ ይበረታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሊሰሪን ያለው ጌጅ ብትገጥም መርፌው ይረጋል። የቱቦው ውስጥ ግፊት ግን እንደዚያው ይመታል። መርፌውን ማስተኛት ጥገና አይደለም፤ ይሄን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት ነው የምለው።

ቱቦ ሠሪ፦ ቱቦውንም እዩት። ኤልቦው (የቱቦው መታጠፊያ) ከፓምፑ መሳቢያ አፍ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ውሃው እየተጠማዘዘ ይገባል፤ ቢያንስ የዲያሜትሩን 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ስጡት። አግድም መሳቢያ ላይ ያለው ሪዲውሰር (ሰፊውን ቱቦ ከጠባቡ የሚያገናኘው) ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ ይሁን፣ አለዚያ አየር ይጠራቀማል። ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቫልቮቹን ዘግታችሁና ግፊቱን አውጥታችሁ፣ ካፕሊንጉ (የሞተሩንና የፓምፑን ዘንግ የሚያያይዘው) ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ) አስሩና የፍላንጁን (ቱቦውን ከፓምፑ የሚያያይዘውን) ቡሎን ፍቱ። ዘንጉ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ቱቦው ፓምፑን እየጎተተው ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! የመግፊያውን ስከፍት መንኳኳቱ በግልጽ ቀነሰ። ግን ያን ሁሉ ውሃ አንፈልገውም። ምን ይሻላል?

ባለ መፍቻው፦ እሰይ፣ ጥፋቱ ታወቀ። የዙር መቀየሪያ ኢንቨርተር ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ዙሩን ወደ 80 በመቶ ብታወርደው የሚፈጥረው ግፊት ወደ 64 በመቶ፣ ኃይሉም ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ያ ግፊት ውሃውን እስከሚፈለገው ከፍታ ማድረሱን ግን አስቀድመህ አስላ። ኢንቨርተር ከሌለ ትርፉን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ መልሰው። ፓምፑ መሳቢያ አፍ ላይ እንዳታገናኘው፤ ውሃው እየሞቀ ይመለስበታል። ታንኩ ውስጥም ከመሳቢያው ራቅ አድርገህ፣ ጫፉን ከውሃው በታች አድርገው። የመመለሻውን መጠን አምራቹ ለፓምፑ ከሚሰጠው ዝቅተኛ የፍሰት መጠን ላይ ውሰድ።