ምህላም ኢስቲስቃእም በአንድ ሳምንት፤ ዝናቡ ለማን መልስ ነው?

ቦርከና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትምህርቱን ቁጭ ብላችሁ ለተማራችሁት ነው። እንደ ወሎ ባለ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት በሚኖርበት አገር ዝናብ ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያን ምህላ ትይዛለች፤ ሙስሊሙም ለኢስቲስቃእ (ለዝናብ ልመና ሰላት) ሜዳ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት የሚገጥሙበት ጊዜ አለ። ዝናቡ ሲጥል ታዲያ «የእኛ ጸሎት ነው»፣ «የእኛ ዱዓ ነው» ይጀመራል፤ ፌስቡክ ላይ ያለውንማ ተዉት።

ፈጣሪ የሌላ እምነት ተከታይ የለመነውን ይሰጣል ወይ? ከሰጠስ ለሃይማኖቱ ምስክር ይሆናል? እድር ላይ አንዱ ሲጸልይ ሌላው አሜን ማለት ይችላል? ምዕራፍና ቁጥር ያለው መልስ ስጡኝ፤ «ፈጣሪ አንድ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ።

ዘነነዌ፦

በተዋሕዶ በኩል ያለውን ልናገር። መነሻው 3ኛ ነገሥት (በ66ቱ መጻሕፍት አቆጣጠር 1ኛ ነገሥት) 8፥41-43 ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲባርክ ከእስራኤል ወገን ያልሆነ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ቢጸልይ «የለመነህን ሁሉ አድርግለት» ይላል። ይህ በመቅደሱ ምረቃ ቀን፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት የተጸለየ ነው። ዘፍጥረት 21፥17 ላይም በምድረ በዳ የተጣለው የአጋር ልጅ፣ እስማኤል፣ ድምፁ ተሰማ ይላል።

ትንቢተ ዮናስን ግን በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከዓሣው ጀምሮ ነው የሚያስታውሰው። 1፥5 ላይ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየአምላካቸው ይጮኻሉ፣ ዕቃውን ወደ ባሕር ይጥላሉ፤ ማዕበሉ ግን አልተወም። 1፥14 ላይ የዮናስን አምላክ በስሙ ጠርተው ይለምናሉ፤ ዮናስ ሲጣል ባሕሩ ጸጥ ይላል። ከዚህ ላይ «የጣዖት ጸሎት አይሠራም» የሚል ሰው ልክ ነው። ነገር ግን በዚያች መርከብ ላይ ያልጸለየው፣ ታች ወርዶ የተኛው፣ ለማዕበሉም ምክንያት የሆነው ነቢዩ ራሱ ነው። ተነሥተህ አምላክህን ጥራ ብሎ የቀሰቀሰው ደግሞ አሕዛባዊው የመርከብ አለቃ ነው። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምንጾመው የነነዌ ጾምም ኦሪት ያልተሰጣቸውን ሰዎች ንስሐ እያሰበ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄህ ሐዋርያት ሥራ 10ን ተመልከት። ቆርኔሌዎስ ሮማዊ የመቶ አለቃ ነው፤ አልተጠመቀም። መልአኩ ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ ዐረገ ይለዋል። እዚያ ላይ ግን አላበቃም፤ ወደ ኢዮጴ ልከህ ጴጥሮስን አስመጣ ተባለ፤ በመጨረሻም ተጠመቀ። አባቶች የሚያስተምሩት ይህን ነው፦ ጸሎቱ ተሰምቷል፤ የተሰማበትም መንገድ ወደ ጥምቀት አደረሰው። «ተሰምቷልና ባለበት ይቆይ» የሚል ትምህርት ከዚህ አይወጣም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «እግዚአብሔር ኃጢአተኞችን አይሰማም» የሚለውን (ዮሐንስ 9፥31) እየመዘዙ የሌላውን ጸሎት የሚዘጉ አሉ። ቃሉን የተናገረው ማን እንደሆነ እዩ። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ነው፤ ከፈሪሳውያን ጋር ሲከራከር፣ ያዳነኝ ሰው ኃጢአተኛ ሊሆን አይችልም ለማለት ያነሣው ነው። ጌታ የተናገረው ድንጋጌ አይደለም። ኢሳይያስ 1፥15 ላይ ጸሎታችሁን አልሰማም የተባሉት ደግሞ የገዛ ሕዝቡ ናቸው፤ ምክንያቱም እጃቸው ደም ስለሞላ ነው። ምህላ የሚበላሸውም በዚሁ ነው፦ መቁጠሪያው ላይ እግዚኦታው 41 ይደርሳል፣ ስግደቱም ይሰገዳል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን በአሠሪው ኪስ እንዳለ ነው።

ኪታብ_ቤት፦

ቦርከና ወንድሜ፣ በእኛ በኩል ሁለት መደብ አያዎች (የቁርኣን አንቀጾች) አሉ። ሁለቱንም ያላየ ሰው ባይመልስ ይሻላል።

በአንደኛው፣ ሱረቱ አን-ነምል 27፥62 የተጨነቀ ሰው ሲጠራው የሚመልስለት ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሙስሊም የሆነውን ብቻ ብሎ አልገደበም። አል-ዐንከቡት 29፥65 ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሙሽሪኮቹ (በአላህ ሌላ የሚያጋሩት) መርከብ ላይ ሆነው ማዕበል ሲይዛቸው አላህን ብቻ ይጠራሉ፤ ወደ የብስ ሲያወጣቸው መልሰው ያጋራሉ። አላህ ወደ ማጋራት እንደሚመለሱ እያወቀ አውጥቷቸዋል። ሰውን እንኳ ትተን፣ ኢብሊስ እስከ ትንሣኤ ቀን አቆየኝ ብሎ ለምኖ ተሰጥቶታል (አል-ሒጅር 15፥36-38)። ዑለማዎች «የዱዓ መልስ የውዴታ ማስረጃ አይደለም» ሲሉ መጀመሪያ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ለሁለተኛው ጥያቄህ ከዚህ የጠነከረ መልስ የለኝም።

በሌላኛው፣ አር-ረዕድ 13፥14 የካፊሮች ዱዓ በከንቱ እንጂ አይደለም ይላል። አያውን ከላይ ስታነበው የሚናገረው ከአላህ ሌላ ስለሚጠሩት ነው፤ ውሃ ወደ አፉ እንዲመጣ መዳፉን እንደሚዘረጋ ሰው ብሎ መስሏቸዋል። ያው ሐረግ ጋፊር 40፥50 ላይ ይደገማል፤ እዚያ ደግሞ ንግግሩ ለጀሀነም ሰዎች ነው። ግማሹን ቆርጦ ዱንያ ላይ ላለ ለማንኛውም ጎረቤት ማድረግ ትክክል አይደለም። የተበዳይ ዱዓማ የተለየ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባቸውን ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት በተበዳይ ዱዓና በአላህ መካከል መጋረጃ የለም ብለውታል (ቡኻሪና ሙስሊም)። የመን ውስጥ የሚያገኛቸው ሰዎች ደግሞ የመጽሐፉ ሰዎች (አይሁድና ክርስቲያኖች) ነበሩ።

ወደ ኢስቲስቃእ ስንመጣ፣ በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) አካሄዱ ይህ ነው። ኢማሙ ቀድሞ ሕዝቡን ለተውባ (ለንስሐ)፣ የሰው ሐቅ ለመመለስ፣ ለሶደቃና (ለምጽዋትና) ለሦስት ቀን ጾም ያዛል። በአራተኛው ቀን በተራ ልብስ፣ ሽቶ ሳይቀቡ፣ አንገት ደፍተው ሜዳ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎችና ልጆችም ይወጣሉ። አዛንና ኢቃም የለም። ሁለት ረከዓ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይሰገዳል፤ እንደ ዒድ በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 5 ተክቢራ («አላሁ አክበር» ማለት) አለው። ከዚያ ኹጥባ (ስብከት) ይከተላል፤ በዒድ ኹጥባ ተክቢራ በሚባልበት ቦታ ኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና) ይባላል፤ ሱረቱ ኑሕ 71፥10-11 ይነበባል። በስተመጨረሻ ኢማሙ ወደ ቂብላ ዞሮ ኩታውን የቀኙን ወደ ግራ ይገለብጣል፤ ሕዝቡም ይገለብጣል። ካልዘነበ ይደገማል። ሳይወጡ ቢዘንብ ለሹክር (ለምስጋና) ይወጣሉ። (በሐነፊዎች ዘንድ ኢማም አቡ ሐኒፋ ዋናው ዱዓና ኢስቲግፋር ነው ይላሉ፤ ሰላቱን ያጸደቁት ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው። ስለዚህ ሌላ መስጊድ በሌላ መልክ ሲያደርገው ብታይ አትደናገጥ።)

አሁን ጥያቄህን በቀጥታ የሚነካው ቦታ። የሐንበሊ መዝሀብ ሊቅ ኢብን ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በሚለው ኪታቡ ላይ ሙስሊም ያልሆኑ ዜጎች ለዝናብ ልመና ሊወጡ ቢፈልጉስ የሚለውን አንሥቷል። አይከለከሉም ይላል፤ ሪዝቃቸውን ከጌታቸው እየለመኑ ነውና፤ ግን ከሙስሊሙ ተለይተው ይቁሙ። ቀጥሎ ለብቻቸው ሌላ ቀን ይሰጣቸው ወይ ብሎ አይሰጣቸው ይላል። ምክንያቱ? ዝናቡ በእነሱ ቀን ሊገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ይፈተናል። ሰውየው ያረፈው በ620 ዓመተ ሒጅራ፣ ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የፌስቡኩን ክርክር ያኔውኑ አይቶታል ማለት ነው!

ሮሜ_አሥር፦

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ ግን ለስላሳ አደረጋችሁት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያደረገው ፈተናስ (1ኛ ነገሥት 18)? 450 የበኣል ነቢያት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲጮኹ መልስ አልነበረም። ያም ድርቅ ነበር። መካከለኛው አንድ ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5)፤ የምንለምነውም በስሙ ነው (ዮሐንስ 14፥13)።

ዝናቡን በተመለከተ ግን ሐዋርያት ሥራ 14፥17ን አስቀምጣለሁ። ጳውሎስ በልስጥራን ኮርማ ሊሠዉለት ለመጡ አሕዛብ ሲናገር እግዚአብሔር ዝናብን ከሰማይ፣ ፍሬ የሚሆንበትንም ወራት ሲሰጣችሁ ኖሯል ይላቸዋል። እነዚያ ሰዎች ለድያ (ለግሪኮቹ ጣዖት ዜውስ) ነበር የሚጸልዩት። ስለዚህ ዝናብ መስጠቱ ቸርነቱ ነው፤ ለድያ ላቀረቡት ጸሎት «እሺ» ማለቱ አይደለም። በእኔ እምነት ይህ ልዩነት ካልተያዘ ውይይቱ የትም አይደርስም።

ዘነነዌ፦

ሮሜ_አሥር፣ በልስጥራኑ እስማማለሁ። ቀርሜሎስን ግን ከአንድ ምዕራፍ በፊት ጀምረህ አንብበው። በዚያው ድርቅ ኤልያስ የተላከው ወደ ሲዶና ሰራፕታ፣ በኣል ወደሚመለክበት አገር፣ ወደ አንዲት መበለት ቤት ነው። ዱቄቱ ከማድጋው፣ ዘይቱም ከማሰሮው ያላለቀው እዚያ ነው። በእስራኤል ብዙ መበለቶች እያሉ ወደ እሷ ተላከ ብሎ ጌታ ሲያነሣው (ሉቃስ 4፥25-26) የናዝሬት ሰዎች ከገደል ሊጥሉት ወጡ። ቀርሜሎስ የተደረገውም እስራኤል ከሁለት አሳብ እንዲወጡ ነው፤ ኤልያስም «ይህን ሁሉ በቃልህ አደረግሁ» ይላል (18፥36)። ሳይታዘዝ ያንን ፈተና በሰፈሩ ልድገመው የሚል ሰው እግዚአብሔርን እየተፈታተነ ነው።

ስሌት፦

ስለ ሃይማኖቱ አልገባበትም፤ ስለ ዝናቡ ግን። ለዝናብ የሚጸለየው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በልጉ ወይም ክረምቱ መግባት ሲገባው ሲዘገይ ነው። በኅዳር ለክረምት ዝናብ ምህላ የሚይዝ፣ ሜዳም የሚወጣ የለም። ወቅቱ ደርሶ የዘገየ ዝናብ ደግሞ በየቀኑ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ላይ ምህላው ሳምንት ከተያዘና ሰላቱ ከተደጋገመ፣ ዝናቡ ከመጣ ከአንዱ ጋር መግጠሙ አይቀርም። መገጣጠሙ ብቻውን ማንንም ለይቶ አያሳይም።

ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መዝገብ ይያዝ፦ የታወጀበት ቀን፣ የተጸለየበት ቀን፣ በቅርብ ጣቢያ ጠዋት 3 ሰዓት የተነበበው ሚሊሜትር፣ ያልተጸለየባቸው ዓመታትም አብረው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፤ ሳይጸለይ የዘነበውን የሚመዘግብ የለም፤ ተጸልዮ የቀረውም ይረሳል። በ2007 ክረምት ኤልኒኞ ዝናቡን ሲያሳጣው፣ በ2008 የምግብ ርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ከየእምነቱ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች 2006 የታተመውን ጥናትም አንሥተው የሚከራከሩ አሉ። በ6 ሆስፒታሎች 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ነበሩ። ይጸለይላቸው አይጸለይላቸው ሳያውቁ ከተጸለየላቸው 52%፣ ካልተጸለየላቸው 51%፣ እንደሚጸለይላቸው ተነግሯቸው ከተጸለየላቸው ደግሞ 59% ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጥሟቸዋል። ጸላዮቹ ግን ሁሉም የክርስቲያን ቡድኖች ነበሩ፤ ስለዚህ እምነትን ከእምነት ስለማወዳደር ምንም አይልም። የቤተሰብንም ጸሎት የከለከለ የለም።

ከአሽዶድ፦

ከአይሁድ በኩል አጭር ጭማሪ። ዘነነዌ በጠቀሰው የሰሎሞን ጸሎት ላይ ራሺ የሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ጸሐፊ የሚለው አለ። ለእስራኤላዊው እንደ መንገዱ ስጠው ይላል፤ ለእንግዳው ግን የለመነውን ሁሉ። ምክንያቱም እስራኤላዊው ሳይሰማ ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ እንግዳው ግን ዝናው የተነገረለት ቤት ከንቱ ነው ብሎ ይሄዳል። እንግዲህ የራሱ ወገን ነው በጥብቅ የሚመረመረው።

ይህ የረቢዎቹ ትምህርት ነው፤ የቤተ እስራኤል ቄሶች ከኦሪት እንጂ ከታልሙድ አያስተምሩም ነበር። ስሌት ስለ ወቅት ያልከውም ሚሽና (የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ) ውስጥ አለ። በአይሁድ አቆጣጠር ማርሔሽዋን በሚባለው ወር በ17 ዝናብ ካልጀመረ መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ብቻ 3 ጾም ይጾማሉ፤ ቀጣዩ ወር ኪስሌው ከጠባ በኋላ ለሕዝቡ 3፣ ከዚያ ሌላ 3፣ ከዚያ 7 ይታወጃል፤ የሕዝቡ በጠቅላላ 13 ነው። የጸደዩ ወር ኒሳን ካለፈ ወዲያ የሚመጣው ዝናብ ግን እንደ በረከት አይቆጠርም፤ ያኔ የስንዴ አጨዳ ነው።

ቦርከና፦

እግዜር ይስጣችሁ። የእድሩ አሜን ቀረኮ!

ኪታብ_ቤት፦

በሻፊዒ ኪታቦች ሁለት አቋም አለ። አንዱ ዱዓው ተቀባይነት ስለሌለው አሚን አይባልበትም ይላል፤ ሌላው ዱንያዊ ጉዳይ ሊሰጠው ይችላልና ይፈቀዳል ይላል። ሁለተኛውን የሚከተልም ቢሆን የሚለመነውን ይሰማል፦ ዝናብ፣ ጤና፣ ሰላም ከሆነ ጥሩ፤ መሐል ላይ ከዓቂዳው (ከእምነቱ መሠረት) ጋር የሚጋጭ ቃል ከገባ ግን ዝም ይላል። ዝም ማለቱን እንደ ንቀት አትቁጠሩበት።

ዘነነዌ፦

በእኛም የሐዋርያት ቀኖና ከመናፍቃን ጋር ማኅበረ ጸሎት ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ የሚሠራው በየተራ መጸለይ ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ በታወጀው የአንድ ወር ጸሎት ቴሌቪዥን ላይ ሁሉም በየሥርዓቱ በተራ ነበር የጸለየው። በፈረንጆች 1986 አሲሲ ላይ የካቶሊኩ ፓፓ የየሃይማኖቱን መሪዎች ሲሰበስቡም አብረን መጥተን እንጸልያለን እንጂ አንድ ጸሎት አንጸልይም ብለው ነው።

እድር ላይ ሰብሳቢው አስቀድሞ «በየእምነታችን እንጸልይ» ይበል፤ ለእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ሁልጊዜ አንደኛው ወገን ብቻ እንዳይጀምር ተራው በየወሩ ይለዋወጥ። መዝጊያ የሚሆን የጋራ አሜን አትጠይቁ፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው፤ አንዱ በሥላሴ ስም ወይም በሰለዋት (በነቢዩ ላይ በሚወርድ ውዳሴ) ሲዘጋ ግማሹ ቤት ዝም ይላል፤ ከዚያ ቡናው ላይ ወሬው እሱ ይሆናል። የመጨረሻው ጸላይ ሲጨርስ ሰብሳቢው ቀጥታ ወደ መዋጮው ይግባ።