ለሳሎን ግድግዳ አክሰሲብል ቤዥ ወይስ አግሪየብል ግሬይ?

ጥያቄ፦
የሳሎናችንን ግድግዳ ለማስቀባት ከሸርዊን ዊሊያምስ ቀለሞች መካከል እነዚህን ሁለቱን ለይቼ፣ አንዱን መምረጥ ግን ተቸግሬአለሁ። ክፍሉ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም፤ ወለሉ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ እንጨት ነው። በናሙና ካርዱ ላይ እምብዛም የማይለያዩት ቀለሞች ግድግዳ ላይ ሲያርፉ ልዩነታቸው ይጎላ ይሆን?

መልስ፦
ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በሚያሳየው የብርሃን አንጸባራቂነት መለኪያ የመጀመሪያው 58፣ ሁለተኛው 60 ስለሆነ በድምቀት ረገድ ተቀራራቢ ናቸው። የሚለያቸው መሠረታቸው ነው፤ አንዱ ግራጫ የገባበት ቤዥ ሲሆን ሌላው ቤዥ የገባበት ግራጫ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት ክፍል የሚያገኘው ከሰማይ የሚመጣ፣ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን በመሆኑ ግራጫው ይበልጥ ቀዝቅዞ ይታያል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን ቤዡን እመርጣለሁ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው አስተያየት ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ወለሉ ራሱ ቢጫነት ካለው፣ ቤዡ ከእርሱ ጋር ተደምሮ ክፍሉን ከሚፈለገው በላይ ቢጫ ሊያስመስለው ይችላል። አምፖሉም ሊዘነጋ አይገባም፤ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ አምፖል ሁለቱንም ወደ ቢጫ ሲስባቸው፣ 4000 ኬልቪን የሆነው ግን ግራጫነታቸውን ያወጣዋል። በሰፊ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ደራርበው ቀብተው ከወለሉ አጠገብ ያቁሙትና ቀንም ማታም ይመልከቱት። በነባሩ ቀለም ላይ በቀጥታ መሞከር (ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው) ዓይንን ያሳስታል።

ጠያቂው፦
አምፖሎቻችን 2700 ኬልቪን ስለሆኑና ሳሎኑን በአብዛኛው የምንጠቀምበት ማታ በመሆኑ፣ ወደ ግራጫው አዘንብያለሁ። ሁለቱንም በካርቶን ላይ አይቼ እወስናለሁ።