የ55፣ የ56 እና የ57 ሸቭሮሌን በዓይን እንዴት ልለያቸው?

አቤል (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ የ1957 ሸቭሮሌ ቤል ኤር አለቻቸው። ቅዳሜ የድሮ መኪኖች የሚሰባሰቡበት ቦታ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ታዲያ ፈተና ሰጥተውኛል፤ "55ም 56ም 57ም ይመጣሉ፣ ለይተህ ትነግረኛለህ" አሉኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ክብ መብራት፣ ብዙ ኒኬል፣ ሁለት ዓይነት ቀለም። በምን ልለያቸው? ሰውስ ለ57ቷ እንዲህ የሚያብደው ለምንድን ነው? ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጋሽ ታዬ (የድሮ መካኒክ)፦
አቤልዬ፣ አታስብ። ከፊት ጀምር። የ55 ግሪል፣ ማለትም ከፊት ያለው አየር ማስገቢያ ፍርግርግ፣ ጠባብ ነው። በሁለቱ መብራቶች መሃል ብቻ ይቀመጣል፣ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉት። ሐሳቡን ከፌራሪ ነው የወሰዱት። በ56 ግሪሉ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። በ57 ደግሞ ግሪሉና ፓራውልቱ ተዋህደው አንድ ትልቅ አፍ ሆኑ። ኮፈኑንም እይ። በ55 እና በ56 መሃል ላይ በራሪ ነገር የሚመስል አንድ ጌጥ አለ። በ57 እሱ ቀርቶ ግራና ቀኝ ሁለት ረዘም ያሉ የሮኬት ቅርጾች ገብተዋል።

አሁንም ከተምታታብህ ወደ ኋላ ዙርና ቤንዚን የሚቀዳበትን ፈልግ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። በ55 እንደማንኛውም መኪና በግራ ጎኗ ትንሽ መክፈቻ አለች። በ56 ምንም አታይም። የግራው የኋላ መብራት እንዳለ ይከፈታል፣ ክዳኑ ከጀርባው ተደብቋል። በ57 ደግሞ ከኋላ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ከወጡት ሁለት ክንፎች በግራው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ኒኬል ራሱ በር ነው። የማያውቅ ሰው ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሲዞራት ይውላል። ፈጠራው የሸቭሮሌ አይደለም። ካዲላክ ከ1941 ጀምሮ ክዳኑን በመብራት ስር ደብቆት ነበር።

ሚኪ ዳላስ፦
ምን ያስለፋዋል ጋሼ! ክንፍ ካላት 57 ናት፣ አለቀ። በዚያ ዘመን እንደሷ ትልቅ ክንፍ ያለው የለም።

ሰናይት፦
ሚኪ፣ የመጀመሪያው ከሦስቱ መሃል ለመለየት ይሠራል። ሁለተኛው ግን አይሆንም። ትልቁ ክንፍ የ1959 ካዲላክ ነው፤ ጥይት የሚመስሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች የተሰኩበት። የ57ቷ ሸቭሮሌ ክንፍ ከሱ ጋር ሲተያይ ጭምት ነው።

አቤል፣ ታሪኩ ለቅዳሜ ወሬ ይሆንሃል። ክንፉን ያመጣው የሸቭሮሌም የካዲላክም ባለቤት የሆነው የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ክፍል ነው። አለቃው ሃርሊ ኧርል ይባላል፣ ክፍሉን ከ1927 ጀምሮ ነው የመራው። በ1941 ከባልደረቦቹ ጋር ፒ-38 የሚባለውን ባለ ሁለት ጭራ የጦር አውሮፕላን አዩ። ያ ጭራ በ1948 ካዲላክ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ፉክክር ሆነ። በ1957 ተፎካካሪው ክራይስለር በቨርጂል ኤክስነር ንድፍ ረጃጅም ክንፎች ይዞ ሲመጣ ጄኔራል ሞተርስ ተደናገጠ። የ59ኙ ካዲላክ የዚያ ድንጋጤ ልጅ ነው።

ዮናስ ከአትላንታ፦
ለምን ያብዳሉ ላልከው፣ መልሱ ግማሹ ሞተሩ ነው። ከ1929 እስከ 1954 ሸቭሮሌ ባለ ስድስት ሲሊንደር ብቻ ነበር። የአዛውንቶች መኪና ይባል ነበር። በ1955 በዋና መሐንዲሱ በኤድ ኮል መሪነት ቀላልና ርካሽ ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ወጣ፤ 4.3 ሊትር፣ በመነሻው 162 የፈረስ ጉልበት። በ57 ወደ 4.6 ሊትር አደገ። ወጣቱ አሮጌዎቹን በርካሽ እየገዛ ሞተራቸውን ፈትቶ ገጠማቸው። ፍቅሩ የመጣው በዚያ ነው እንጂ ያኔ በሽያጭ አይደለም። የ1957ን ሞዴል ዓመት ያሸነፈው ፎርድ ነው።

የኔን ከጠየቅከኝ ግን 55ቷ ትበልጣለች። ንጹህ ናት፣ ጌጥ አልበዛባትም። ጎረቤትህ ፊት ግን ይሄን አትናገር።

አቤል፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። አንድ ልጨምር። ከርካሹ እስከ ውዱ ሦስት ደረጃ አለ ይባላል፤ 150፣ 210 እና ቤል ኤር። እሱን በምን ልወቅ?

ጋሽ ታዬ፦
በ57 ቤል ኤር ላይ የኋላውን ጎን እይ። ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄደው ጌጥ ውስጡ ሰረዝ ሰረዝ ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። በ210 ያው ቦታ ቀለም ብቻ ነው። ቤል ኤር ደግሞ ግሪሉ ወርቃማ ነው፣ የፊት ፓራፋንጎው ላይም ሦስት ትናንሽ ወርቃማ ምልክቶች አሉት።

ጌጥ ግን ይገዛል ልጄ። 210ን አልብሰው ቤል ኤር ነው የሚሉ ሞልተዋል። ቁርጡን የሚነግርህ የመኪናዋ መለያ ቁጥር ነው። በሾፌሩ በር ማጠፊያ በኩል፣ ምሰሶው ላይ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ላሜራ አለች። ባለ ቪ-8 ቤል ኤር ከሆነች "ቪሲ57" (VC57) ብላ ትጀምራለች። በ"ሲ" ፈንታ "ቢ" (B) ካለ 210፣ "ኤ" (A) ካለ 150 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነች "ቪ" አይኖርም። ከ57 ቀጥሎ የምትመጣው ፊደል የፋብሪካዋ ናት። "ቢ" ከሆነች እዚያው አንተ አጠገብ ባልቲሞር ተሠርታለች ማለት ነው። ሽማግሌውን ጠይቃቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ሰናይት፦
የ57ቷን የፊት መብራቶችም ጎንበስ ብለህ እያቸው። ከላያቸው ያለው ወንፊት የሚመስል ነገር ጌጥ ብቻ አይደለም። ለተሳፋሪው ንጹህ አየር የሚገባው በሱ ነው።

አቤል፦
ውስጧ ቁጭ ብዬ ፎቶ ብነሳስ? ነውር ነው?

ሚኪ ዳላስ፦
ጠይቀህ ከሆነ አይደለም። ኮፈን ተከፍቶ ካየህ "ኑ እዩ" ማለት ነው፣ በር ግን ሳይፈቀድልህ አትንካ። የቀበቶህ ዘለበት ቀለም ይጭራል፣ አትደገፍ። ስትገባ ደግሞ ጉልበትህን ጠብቅ። የፊት መስታወቱ ወደ ጎን ስለሚጠመዘዝ ምሰሶው በሩ መግቢያ ላይ ወጣ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። እኔን ሁለቴ መትቶኛል።